የአፈር እርጥበትን ያለ ቁፋሮ በሰፊ መሬት ላይ መለካት፦ ለግብርና ምክርና ለቅድመ ማስጠንቀቂያ ያለው ፋይዳ

የአንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ዘር ጊዜ ለአርሶ አደሩ ምክር ሲሰጥ በእጁ የሚገኘው ዋነኛ መረጃ የዝናብ መጠን ነው። ከሜትሮሎጂ ጣቢያ በየዐሥር ቀኑ የሚደርሰው ቁጥር ከሰማይ ምን ያህል ሚሊ ሜትር ውኃ እንደ ወረደ ይገልጻል። ሰብሉ የሚጠጣው ግን የወረደውን ሳይሆን አፈሩ የያዘውን ውኃ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ 40 ሚሊ ሜትር የጣለ ዶፍ በተዳፋት መሬት ላይ አብዛኛው በጎርፍ መልክ ወደ ወንዝ ሊወርድ ይችላል፤ በአራት ቀናት ተከፋፍሎ የጣለው ተመሳሳይ መጠን ደግሞ እስከ ሥር ድረስ ሊሰርግ ይችላል። በመዝገቡ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው።

ይህ ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በመዝሪያ ሰሞን ነው። ቀድመው የጣሉ ሁለትና ሦስት ዝናቦች የላይኛውን አፈር ያረጥቡና አርሶ አደሩ ዘሩን ይበትናል፤ ከዚያ ዝናቡ ለሁለት ሳምንት ሲቋረጥ ቡቃያው ሥሩን ሳያወርድ ይደርቃል። ዘሩ፣ ማዳበሪያውና የበሬው ጉልበት አብረው ይባክናሉ። ለዳግም ዘር የሚሆን እህል በጎተራው ያልተረፈው ቤተሰብ ወይ ተበድሮ ይዘራል፣ ወይ ማሳው ጦሙን ያድራል። በዚያው ሰሞን ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ያለው አፈር ገና ደረቅ መሆኑን የሚያሳይ መረጃ በወረዳው ቢኖር ኖሮ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጥቂት ቀን መታገሥ እንደሚሻል ለመምከር በቂ ምክንያት ያገኝ ነበር።

ጉዳዩ ከአንድ ማሳ ወደ ሀገር ሲሰፋ ድርሻው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 ከኤልኒኞ ጋር ተያይዞ በደረሰው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን አስቸኳይ የምግብ ድጋፍ እንደሚያስፈልጋቸው ተገልጾ ነበር። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መግቢያ ድረስ ደግሞ በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በአጎራባች ቆላማ አካባቢዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሚጠበቀው በታች ሆነው አልፈዋል። ድርቅ በአንድ ቀን አይደርስም፤ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። መጀመሪያ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ከዚያ አፈሩ ይደርቃል፣ ቀጥሎ ሣሩና ሰብሉ ይጠወልጋሉ፣ ከብቱ ይከሳል፣ የእህልና የከብት ዋጋ ይዛባል፣ በመጨረሻ ሰው ይራባል። የዕፅዋትን ልምላሜ ከሳተላይት በመለካት የሚሠራው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ዘዴ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ምልክቱን የሚያነበው ቅጠሉ መቀየር ከጀመረ በኋላ ነው። አፈሩ ከቅጠሉ ቀድሞ ይናገራል። ሳምንታት የሚያስቀድም መረጃ ማለት ደግሞ በድርቅ ጊዜ መኖን ወደ ቦታው ለማጓጓዝ፣ ከብት ሳይከሳ ለገበያ ለማቅረብና ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ለማሠራጨት የሚያስችል ጊዜ ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ያደረገው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ለሁሉም ዕቅድ እ.ኤ.አ. እስከ 2027 መጨረሻ ድረስ በምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ በቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንዲጠበቅ ግብ ጥሏል። የጎርፍና የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ በሰዓታት የሚቆጠር ሲሆን የድርቅ ማስጠንቀቂያ ግን በአፈር ውስጥ ባለው ውኃ ላይ የተመሠረተ ረጅም ክትትል ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት የአፈር እርጥበትን ያለ ቁፋሮ፣ በሰፊ ቦታና በተከታታይ የመለካት ጉዳይ ከምርምር ቤት ወጥቶ የዕቅድ ጉዳይ ሆኗል።

የቁፋሮ ልኬት ወሰን

የአፈር እርጥበትን ለመለካት ዛሬም ዳኛ ሆኖ የሚያገለግለው ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። አፈር ይወሰዳል፣ ይመዘናል፣ በ105 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ24 ሰዓት ያህል በምድጃ ይደርቃል፣ እንደገና ይመዘናል። የክብደቱ ልዩነት በውስጡ የነበረው ውኃ ነው። የሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ ትክክለኛነት የሚፈተነው በዚህ ነው። ችግሩ የሚናገረው ስለዚያች እፍኝ አፈር ብቻ መሆኑ ነው፤ ያችኑ ነጥብ በማግሥቱ ደግሞ ለመለካትም አይቻልም፣ ተቆፍራለችና።

ከዚህ ቀጥሎ የመጡት በአፈር ውስጥ የሚተከሉ የኤሌክትሪክ መለኪያዎች ናቸው። ውኃ የኤሌክትሪክ መስክን የሚቀበልበት ልክ ወደ 80 ሲሆን የደረቀ አፈር ከ3 እስከ 5 ብቻ ስለሆነ፣ በአፈሩ ውስጥ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ምልክት ፍጥነት የውኃውን መጠን ይገልጣል። መሣሪያዎቹ ትክክለኛ ናቸው፤ በየሰዓቱም ይመዘግባሉ። ሆኖም የሚያዩት በዙሪያቸው ያለውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በአንድ ሄክታር ማሳ ውስጥ ደግሞ እርጥበት ከዳገቱ ጫፍ እስከ ግርጌው በእጥፍ ሊለያይ ይችላል።

በኢትዮጵያ የእርሻ መሬት ላይ ሁለት ተጨማሪ እንቅፋቶች አሉ። የመጀመሪያው ማረሻ ነው። የጤፍ ማሳ ዘሩ ከመውደቁ በፊት ሦስትና አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታረሳል፤ በመሬት ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ከዚህ አያመልጥም። በየእርሻው ተነቅሎ የሚተከል መሣሪያ ደግሞ ተከታታይ መዝገብ አይሰጥም። ሁለተኛው የአፈሩ ጠባይ ነው። ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በሀገሪቱ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በደጋና በወይና ደጋ ይገኛል። ይህ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ከግማሽ ሜትር በላይ ሊጠልቅ ይችላል። በስንጥቅ መካከል የቀረ መለኪያ የአፈሩን ሳይሆን የአየሩን ሁኔታ ያነባል። አፈሩን ሳይነካ የሚለካ መሣሪያ ለዚህ አፈር ቅንጦት አይደለም።

በዋልካ መሬት የእርጥበት ጥያቄ ከሌላው አፈር በተለየ መንገድ ይነሣል። በክረምቱ እምብርት ውኃው ስለሚበዛ ማሳው ይተኛል፤ በሰሜን ሸዋ እንዋሪ አካባቢ አርሶ አደሮች ለብዙ ዘመን በእጅ መደብ እየሠሩ ውኃውን ሲያጠነፍፉ የኖሩት ለዚህ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ በኋላ ግን ችግሩ ይገለበጣል፤ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ዝናቡ ሊያበቃ ሲል በመሆኑ ኑሯቸው በቀሪው እርጥበት ላይ የቆመ ነው። መስከረም ሲጠባ በመጀመሪያው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ የቀረው ውኃ ለሦስት ወር የሚያዛልቅ መሆን አለመሆኑ ምርቱን ይወስናል። ይህንን ዛሬ የሚገምተው አርሶ አደሩ ራሱ ነው፤ አፈሩን ጨብጦ፣ ስንጥቁን አይቶ፣ ያለፉትን ዓመታት አስታውሶ። ግምቱ በራሱ ማሳ ላይ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ወረዳው፣ ዞኑና ክልሉ ግን ከዚህ ዕውቀት የሚደርሳቸው ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ ነው።

ከሰማይ የሚወርዱ ኒውትሮኖች

ላለፉት 17 ዓመታት ያህል በዓለም ዙሪያ እየተስፋፋ የመጣው አንዱ መልስ ከኅዋ በሚመጣ ጨረር ላይ የተመሠረተ ነው። የኮስሚክ ጨረር ያለማቋረጥ ከባቢ አየርን ይመታል፤ ከግጭቱም ኒውትሮን የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይፈጠሩና ወደ ምድር ይወርዳሉ። እነዚህ ፈጣን ኒውትሮኖች በአፈር ውስጥ ካሉ አተሞች ጋር ይጋጫሉ። ከሲሊኮን ወይም ከኦክስጅን ጋር ሲጋጩ ፍጥነታቸው እምብዛም አይቀንስም። ከሃይድሮጅን ጋር ሲጋጩ ግን ሁለቱ በክብደት እኩያ ስለሆኑ ኒውትሮኑ በአንድ ግጭት በአማካይ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል። በአፈር ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን በአብዛኛው የውኃ ሃይድሮጅን ነው። ስለዚህ አፈሩ ሲረጥብ ከመሬት ተመልሰው ወደ አየር የሚወጡት ፈጣን ኒውትሮኖች ያንሳሉ፤ ሲደርቅ ይበዛሉ። በማሳ ዳር በአንድ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ መቁጠሪያ እነዚህን በመቁጠር እርጥበቱን ያሰላል።

ቀደም ሲል የነበረው የኒውትሮን መለኪያ በውስጡ የራዲዮአክቲቭ ምንጭ የሚይዝ፣ በተተከለ ቧንቧ ውስጥ የሚወርድ መሣሪያ ነበር። በአግባቡ ይሠራል፤ ነገር ግን ፈቃድ፣ ጥበቃና ልዩ ሥልጠና ይጠይቃል፤ ያለ ጠባቂ በማሳ ላይ ሊተው አይችልም። አዲሱ ዘዴ ምንም ምንጭ አይዝም፤ የሚጠቀመው ተፈጥሮ የምትሰጠውን ጨረር ነው። በአሜሪካ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆኑት ማሬክ ዝሬዳ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ይህንን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2008 ካሳተሙ ወዲህ በልዩ ልዩ ሀገሮች የመለኪያ መረቦች ተዘርግተዋል። ብሪታኒያ ከ2013 ጀምሮ 50 ገደማ ጣቢያዎችን አቋቁማለች። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በኦስትሪያ ሳይበርስዶርፍ ባላቸው የጋራ ቤተ ሙከራ አማካይነት ዘዴው በታዳጊ ሀገሮች ግብርና ላይ እንዲውል ሥልጠናና ድጋፍ ይሰጣሉ።

የመሣሪያው ዋና ብልጫ የሚያየው ክልል ስፋት ነው። መጀመሪያ ላይ ዙሪያው ከ300 ሜትር በላይ እንደሚደርስ ይገመት ነበር፤ በ2015 የወጡ ስሌቶች እንደ አየሩና እንደ አፈሩ እርጥበት ከ130 እስከ 240 ሜትር እንደሚሆን አሳይተዋል። በ200 ሜትር ሲሰላ 12 ሄክታር ተኩል ያህል ይሆናል። ጥልቀቱም በረጠበ አፈር ከ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተነሥቶ በደረቅ አፈር እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ሊዘልቅ ይችላል፤ ይኸውም አብዛኛው የሰብል ሥር የሚገኝበት ክልል ነው። የአንድ አርሶ አደር ይዞታ ከአንድ ሄክታር እምብዛም በማይበልጥበት አካባቢ አንድ መሣሪያ የብዙ ጎረቤታሞችን ማሳ በአንድ ጊዜ ይለካል። በኩታ ገጠም የሚታረስ መሬት፣ አንድ ዓይነት ሰብል በአንድ ሰሞን የሚዘራበት በመሆኑ፣ ከመሣሪያው የመለኪያ ክልል ጋር በተፈጥሮው ይጣጣማል።

የኢትዮጵያ መልክዐ ምድር በዚህ ረገድ አንድ ጥቅምና አንድ ጉዳት አለው። ከፍታ ሲጨምር ከላይ ያለው አየር ስለሚሳሳ የኒውትሮኑ ቁጥር ብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ደጋዎች የሚተከል መቁጠሪያ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ይልቅ በአጭር ጊዜ አስተማማኝ ንባብ ያገኛል፤ የመለኪያ ክልሉም በመጠኑ ይሰፋል። በሌላ በኩል ሀገሪቱ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የምድር መግነጢሳዊ መስክ የጨረሩን ከፊል ይመልሰዋል። በደጋው ጥቅሙ ጉዳቱን ይበልጣል፤ በአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች ግን ንባቡን ለማጥራት ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልጋል።

መሣሪያው የሚያየው ሃይድሮጅንን እንጂ ውኃን በስሙ አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም። በሸክላ ማዕድን ውስጥ የታሰረ ውኃ፣ በአፈሩ ያለ ብስባሽ፣ በሰብሉ ግንድና ቅጠል ያለ ውኃ ሁሉ ይቆጠራል። የበቆሎ ማሳ ሲያድግ ንባቡ እንደሚዛባ በጥናት ታውቋል። በዚህ መሠረት ሲታሰብ፣ ግንዱ ከፍተኛ ውኃ በሚይዘው እንሰት መካከል የሚተከል መሣሪያ ከአፈሩ ይልቅ የእንሰቱን ጤና ሊያነብ ይችላል። በዋልካ መሬት በቦይ የተኛ ውኃም እንዲሁ ያደናግራል። የአየር ግፊት፣ የአየር እርጥበትና የፀሐይ እንቅስቃሴ በየሰዓቱ መታረም አለባቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሣሪያው በተተከለበት ቦታ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእውነተኛ አፈር መመሳከር ይኖርበታል፤ የተለመደው አሠራር በዙሪያው በ18 ነጥቦች፣ በየነጥቡም በስድስት ጥልቀቶች፣ በድምሩ 108 ናሙና ወስዶ ማድረቅ ነው። ያለ ቁፋሮ የሚለካው ዘዴ ሥራውን የሚጀምረው በቁፋሮ ነው ማለት ይቻላል።

ይኸው መቁጠሪያ በተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ በመንገድ ሲጓዝ የአንድን ወረዳ የእርጥበት ካርታ በአንድና በሁለት ቀን ለማውጣት ያስችላል። ደረቁ የመንገድ ንጣፍ ራሱ ንባቡን ስለሚያደርቅ ግን ውጤቱ ካልታረመ ሁሉም ወረዳ ድርቅ ያለበት ይመስላል።

ከጠፈር የሚታየው

ለሀገር አቀፍ ሽፋን ከሳተላይት በቀር አማራጭ የለም። ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ አፈሩ ራሱ በተፈጥሮ የሚያወጣውን ደካማ የማይክሮዌቭ ጨረር ማድመጥ ነው፤ የረጠበ አፈር በዚህ ዓይን ሲታይ ቀዝቃዛ ሆኖ ይታያል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 ያመጠቀው ስሞስ እና የአሜሪካው ናሳ በጥር 2015 ያመጠቀው ስማፕ በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ሁለቱም የሚጠቀሙት 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ደመናን ያለ ችግር ያልፋል፤ መካከለኛ ሰብልንም ይሻገራል። የኢትዮጵያ ክረምት በደመና የተሸፈነ መሆኑ ሲታሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ የምድር ምልከታ ሳተላይት በብርሃን የምታይ ስለነበረች፣ ለሰብልና ለመሬት አጠቃቀም ምስል ብትጠቅምም በደመና ሥር ያለውን አፈር ለመለካት የተሠራች አልነበረችም።

ስማፕ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ምድርን አዳርሶ ይለካል፤ የተነደፈለት የስሕተት ወሰንም በአንድ ሜትር ኩብ አፈር ውስጥ 0.04 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ይገባል። ሳተላይቱ በሚያየው አምስት ሴንቲ ሜትር የላይ አፈር ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር ውኃ ማለት ነው፤ ያንኑ ንባብ ይዞ እስከ ግማሽ ሜትር ጥልቀት የሚገምት ሰው ግን እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። አንድ ሰብል በቀን 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ቢጠጣ ልዩነቱ የአራትና የአምስት ቀን ቀለብ ነው። ለድርቅ ክትትል የሚታገሡት ስሕተት ነው፤ ውኃ መቼ ይለቀቅ ለሚል የመስኖ ውሳኔ ግን አይበቃም።

የበለጠ የሚያሳስበው የምስሉ ስፋት ነው። የስማፕ መሠረታዊ ንባብ የሚመለከተው ወደ 36 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጎን ያለውን ክፍል ሲሆን፣ በስሌት ተሻሽሎ በ9 ኪሎ ሜትር ይሠራጫል። ለሜዳማ ሀገር ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። ከጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ የሚወርድ ተጓዥ ግን በአንዲት እንዲህ ያለች ክፍል ውስጥ ውርጭ የሚመታውን የገብስ ማሳና የማሽላ ቆላውን ያልፋል። የሁለቱ አማካይ የማንንም ማሳ አይገልጽም።

ስማፕ ይህንን ጉድለት ለመሙላት የራሱን ራዳር ይዞ ነበር፤ ራዳሩ ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ተበላሽቶ ሥራ አቆመ። ሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም ሞገድ ልኮ ተመልሶ የሚመጣውን መለካት፣ ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው በአውሮፓዎቹ የሴንቲኔል አንድ ሳተላይቶች ላይ ተመሥርቷል። የራዳር ምስል ከማሳ ማሳ ለመለየት የሚያስችል ጥራት አለው። ዳሩ ግን ራዳር እርጥበትን ብቻ ሳይሆን የመሬቱን ሸካራነትም ያያል፤ ትናንት በበሬ የተገለበጠ ደረቅ ማሳ ዝናብ የጠገበ ሊመስል ይችላል። በጣም ደረቅ በሆኑ አካባቢዎች ደግሞ ሞገዱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከተቀበረ ድንጋይ ስለሚመለስ ደረቁ መሬት እርጥብ ይመስላል። ለአፋርና ለሶማሌ ክልል ትርጉሙ ቀላል አይደለም፤ እርዳታ የሚያስፈልገው መንደር በካርታው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሕንድ የመጠቀው የሕንድና የአሜሪካ የጋራ ሳተላይት ናይሳር በዚህ ረገድ ተስፋ የሚጣልበት ነው። ረዥሙን የሞገድ ዓይነት ከራዳር ጥራት ጋር አጣምሮ ይዟል፤ በየ12 ቀኑም ወደ አንድ ቦታ ይመለሳል፤ የእርጥበት መረጃውን በ200 ሜትር ጥራት ለማውጣት ታቅዷል። 200 ሜትር ማለት አንድ የኒውትሮን መቁጠሪያ የሚያየውን ክልል የሚቀራረብ ስፋት ነው። ከመሬት የሚወሰደው ልኬትና ከጠፈር የሚመጣው ምስል በአንድ ሚዛን ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ስሕተት ለማረም ይቻላል፤ እስከ ዛሬ ድረስ የእጅ መዳፍ የምታክል ናሙና ከ1,296 ካሬ ኪሎ ሜትር አማካይ ጋር ሲመዘን ነበርና።

ቁጥሩ ወደ ውሳኔ ሲለወጥ

አንድ የእርጥበት ቁጥር ብቻውን ምክር አይሆንም። ከመቶ 25 እጅ ውኃ የያዘ ዋልካ ለተክል የሚሰጠው እምብዛም ነው፤ ሸክላው ውኃውን አጥብቆ ይዞታል። አሸዋማ አፈር ግን ከመቶ 15 እጅ ይዞ ሰብሉን ያጠግባል። ስለዚህ የእርጥበት ካርታ ከአፈር ካርታ ጋር ካልተጣመረ ያሳስታል። በዚህ በኩል ሀገሪቱ ባዶ እጇን አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት አማካይነት የተሰበሰበው ናሙና ዋና ዓላማው የማዳበሪያ ምክር ቢሆንም ለዚህም ሥራ መነሻ ይሆናል።

የመድን ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ኢትዮጵያ በአየር ጠባይ መለኪያ ላይ የተመሠረተ የድርቅ መድን ከሞከሩ ቀደምት ሀገሮች አንዷ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በሀገር ደረጃ፣ በ2009 ደግሞ በትግራይ አዲ ሃ በጤፍ አምራቾች ዘንድ ተጀምሯል። የዚህ መድን ደካማ ጎን የታወቀ ነው፤ መለኪያው ዝናብ ዘንቧል ሲል የአርሶ አደሩ ማሳ ደርቆ ይገኛል፣ ካሣም አይከፈልም። ከዝናብ ይልቅ የአፈር እርጥበት ለምርት ቅርብ ስለሆነ ክፍተቱን ያጠብባል ተብሎ ይታመናል። ነገር ግን በ9 ኪሎ ሜትር አማካይ ላይ የተመሠረተ ውል ስሕተቱን ከዝናብ መለኪያ ወደ ሳተላይት ከማዛወር በቀር የሚፈይደው አይኖርም። በየአግሮ ኢኮሎጂው የመሬት ማመሳከሪያ ሳይኖር እርጥበትን የክፍያ መስፈርት ማድረግ የአርሶ አደሩን አመኔታ ለአደጋ ያጋልጣል፤ አንድ ጊዜ የጠፋ አመኔታ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።

በመስኖ በኩል ስጋቱ እጥረት ብቻ አይደለም። በመካከለኛው አዋሽ ከመጠን በላይ የተለቀቀ ውኃና ጉድለት ያለበት ማጠንፈፊያ የከርሰ ምድር ውኃን ወደ ላይ አንሥቶ ሰፊ መሬት በጨው እንዲጠቃ አድርጓል። የበጋ መስኖ ስንዴ በቆላማ አካባቢዎች በተስፋፋ ቁጥር ያው አደጋ ይከተላል። የሥር ክልል እርጥበትን በየቀኑ የሚያሳይ አንድ መቁጠሪያ በመስኖ ቀበሌ ቢኖር፣ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ተራ የሚያወጣው በቀን ቆጠራ ሳይሆን በአፈሩ ፍላጎት ሊሆን ይችላል። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ለዚህ ምቹ ቦታ ናቸው፤ አጥርና ባለሙያ አላቸው፣ መሣሪያውም ከአነስተኛ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ በቀር ሌላ ኃይል አይፈልግም።

ዋጋው ግን በሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚተመን በመሆኑ በየቀበሌው ሊተከል አይችልም፤ መተከልም አይኖርበትም። በዋና ዋናዎቹ የአፈር ዓይነቶችና የአየር ጠባይ ቀጣናዎች በጥንቃቄ የተመረጡ ጥቂት ቦታዎች፣ በአግባቡ ተመሳክረው ለብዙ ዓመታት ሳይቋረጡ ቢሠሩ፣ በዘመቻ ተተክለው በሁለተኛው ዓመት ከሚረሱ መቶ መሣሪያዎች ይበልጣሉ። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዝናብና የአየር ግፊት መረጃ፣ የግብርና ምርምር ማዕከላት የአፈር ቤተ ሙከራ፣ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት የምስል ትንተና በአንድ ሰንሰለት ካልተያያዙ መሣሪያው ብቻውን የሚያመነጨው የኒውትሮን ቁጥር ነው።

የሰንሰለቱ ቀጣይነት በውጭ ምንጭ ላይ ብቻ ሊንጠለጠል እንደማይገባም የቅርቡ ልምድ ያሳያል። ሴንቲኔል አንድ ቢ በ2021 ታኅሣሥ በድንገት ሥራ ካቆመ በኋላ ምትኩ እስከ 2024 ታኅሣሥ ድረስ አልመጠቀም፤ በመካከሉ የምስሉ ድግግሞሽ በብዙ የዓለም ክፍሎች ቀነሰ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ማግሥት የተቋቋመው የአሜሪካ መንግሥት የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 መግቢያ የውጭ ዕርዳታው ሲቋረጥ ድረ ገጹ ተዘግቶ ለወራት መረጃ ሳያቀርብ ቆይቷል። በሁለቱም ጊዜ በራሳቸው መሬት ላይ የመለኪያ ጣቢያ የነበራቸው ሀገሮች መዝገባቸው አልተቋረጠም።

አንድ የቴክኒክ ጉዳይ ይቀራል። ስሞስና ስማፕ የሚያደምጡበት ከ1,400 እስከ 1,427 ሜጋ ኸርዝ ያለው የሞገድ ክልል በዓለም አቀፍ ስምምነት ማንም እንዳያሠራጭበት የተጠበቀ ነው። ሕግ ጥሶ ወይም በብልሽት በዚህ ክልል የሚያሠራጭ አንድ የምድር ጣቢያ ብቻ በዙሪያው ያለውን ሰፊ አካባቢ ለሳተላይቶቹ የማይነበብ ያደርገዋል። የሞገድ ቁጥጥር ከዚህ ቀደም የመገናኛ ዘርፍ ሥራ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል፤ አሁን የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በሚደርሰው የእርጥበት ካርታ ላይ ያለ ምክንያት ባዶ የቀረ ቦታ ሲያይ የሚጠይቀው የሜትሮሎጂ ባለሙያውን ብቻ ሳይሆን የሞገድ ተቆጣጣሪውንም ጭምር ይሆናል።